ለስላሳ ውሃ ፍለጋ፦ ከላፍቶ ድሬዳዋ ደርሶ መልስ

መነሻ

ለቀበሌ የነገርኩት እህቴን ልጠይቅ ድሬዳዋ እሄዳለሁ ብዬ ነው። ውሸት አልነበረም፤ እህቴ እዚያ ናት። ዋናው የሄድኩበት ጉዳይ ግን ውሃ ነበር። ያንን ብነግራቸው ኖሮ የይለፍ ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው ይስቅብኝ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ነው። በምሥራቅ የነበረው ጦርነት አብቅቶ፣ ባቡሩ እንደ ቀድሞው መመላለስ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኛ ላፍቶ ውስጥ ወደ ፉሪ በሚወስደው በኩል እንኖር ነበር። ዛሬ ከሀይሌ ጋርመንት ተነስቶ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፎቅና ታክሲ ብቻ ነው የሚያየው። ያኔ ከደጃችን ወዲያ የሽምብራና የጤፍ ማሳ ነበር። በጥቅምት ማለዳ በሩን ስከፍት የሚቀበለኝ የእሸት ሽታ ዛሬም ድረስ አልጠፋኝም።

ውሃ ነበረን፤ ተመስገን። ከጉድጓድ በሞተር እየተሳበ ታንከር ውስጥ ይገባል፤ ከታንከሩ በቀጭን ቧንቧ ግቢያችን ይደርሳል። ብዙ ጎረቤት ከወንዝ በሚቀዳበት ጊዜ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን ውሃው ኖራ ነበረበት። ማንቆርቆሪያችን ውስጡ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጭ ሆነ። በቢላዋ ብፍቀው በሳምንቱ ተመልሶ ይለበጣል። በዐቢይ ጾም ሽምብራ ስቀቅል ከጠዋት እስከ ቅዳሴ መውጫ ቢንተከተክም ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይበስልም። ሳሙና አረፋ አያወጣም፤ እንደ እርጎ ይቋጠርና በልብሱ ላይ ይቀራል። ሳሙና ደግሞ ከኅብረት ሱቅ በተራ የሚገኝ ነበር።

ይህን ሁሉ እንችለው ነበር። ያልቻልነው የጽጌን ነው።

ጽጌ የመጨረሻ ልጄ ናት። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከጣቶቿ መካከል፣ ከክርኗና ከጉልበቷ ጀርባ ቆዳዋ ይሰነጠቃል፤ ታካለች፣ ይደማል። ሌሊት እንዳታክ እጇን በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የማስተኛት። ክሊኒክ ቅባት ሰጡን። ጠበል አስጠመቅኳት። ትንሽ ይሻላትና ይመለሳል። የጎረቤት እናቶች በክፋት ሳይሆን በፍርሃት ልጆቻቸውን ከእሷ ማራቅ ጀመሩ። ደብተሯን እንኳ በእጀታዋ ጫፍ ይዛ ስትሄድ አይቼ እንባዬን በነጠላዬ የጠረግኩበት ቀን ብዙ ነው።

በክረምት ግን ይሻላት ነበር። ክረምት ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል አጠራቅሜ አጥባታለሁ። ነሐሴ ላይ እጇ እንደ ማንኛውም ልጅ እጅ ይሆናል። መስከረም አልፎ በርሜሉ ሲደርቅ፣ ወደ ጉድጓዱ ውሃ ስንመለስ፣ ስንጥቁም ይመለሳል። ሁለት ክረምት እንዲህ ሆነ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ በዝናቡ አሳይቶሻል። ያሳየሽን ተከተዪ" አሉኝ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ እህቴ እትዬ ብርቄ ከድሬዳዋ ለአስተርእዮ ማርያም መጣች። ሻይ ላፈላ ማንቆርቆሪያውን ሳነሳ ክዳኑን ከፍታ አየችው።

"ይሄማ የድሬ በሽታ ነው! ማነው ላፍቶ ያመጣባችሁ?" አለች።

እትዬ ብርቄ ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የኖረችው። ልጅ አልወለደችም። ኖራ ያለበት ውሃ ነጭ ልብስ እንደሚያበላሽ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከብዙ ዓመት በፊት አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ ግሪክ ኖራውን ከውሃ የሚለይ ዕቃ፣ የውሃ ማለስለሻ፣ ገዝታ፣ ሥራዋን ሁሉ በእሱ ነበር የምትሠራው። የጽጌን እጅ ይዛ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"የኔን ወስደሽ ግቢሽ ትከዪው" አለችኝ። "ግን አንቺው መጥተሽ ተማሪው። ዕቃው ብቻውን ቢላክ ቆርቆሮ ነው።"

ከፋሲካ በኋላ ተነሳሁ።

ወደ ለገሃር

ባለቤቴ ተሰማ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ሳምንት ከልጆቹ ጋር እንዲሆን ፈቃድ ወሰደ። በሩ ላይ ሲሸኘኝ፣ "ሰው ከድሬዳዋ ሽቶና ጨርቅ ያመጣል፤ የኔ ሚስት ውሃ ልታመጣ ትሄዳለች" አለኝ። እየሳቀ ነው፤ ግን ስንቄን የቋጠረው እሱ ነው፤ ዳቦ ቆሎና በሶ።

ወንዙን በድንጋይ ላይ ተሻግሬ እስከ መካኒሳ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ በጤዛ ርሷል። ገበሬዎች ወተት በቅል ይዘው ወደ ከተማ ይገሰግሳሉ፤ "አካም ቡልቴ?" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ይሉኛል፤ እኔም የማውቃትን ያህል እመልሳለሁ። ከመካኒሳ በከተማ አውቶቡስ ለገሃር ደረስኩ። ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ወታደር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ዶሮዋን በክንፏ ያንጠለጠለች አሮጊት አለች። የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ቆረጥኩ። ወንበሩ እንጨት ነው፤ መስኮቱ ግን የሁሉም ነው።

በባቡር

ከአቃቂ እስከ ሞጆ ሜዳው ታርሶ ጥቁር ሆኖ ዝናብ ይጠብቃል። ናዝሬት ስንደርስ ልጃገረዶች ብርቱካን በሳፋ ተሸክመው በመስኮቱ ሥር ይሮጣሉ። "አራት በሃምሳ ሳንቲም! እናቴ፣ አራት በሃምሳ!" ለጽጌ ልገዛ ከልቤ ፈለግሁ፤ ስመለስ አልኩና ተውኩት። መተሐራ ላይ የሸንኮራ ማሳው አረንጓዴ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ደግሞ ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ ተዘርግቷል። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ክዳን ወረደብን። ግመልና ግራር፣ እንደገና ግመልና ግራር።

ከጎኔ የተቀመጠው አዛውንት ሙስሊም የአፍደም ሰው ነበር። ጸሎቴን በልቤ ሳደርስ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ፣ እስክጨርስ ጠብቆ ነው ቴምር የሰጠኝ።

"ጾም ነሽ?" አለኝ።

"አይ፣ አሁን የፍስክ ጊዜ ነው።"

"እንግዲያው ብዪ።"

በላሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቴምር በልቻለሁ፤ ያንን ያህል የጣፈጠኝ ግን የለም።

ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ስንገባ መሽቶ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ውጪ ነው። አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይተኛል፣ ደጅ ይበላል፣ ደጅ ይሳሳቃል። እትዬ ብርቄ ጣቢያ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

"አቦ! ሰው እንዲህ ከስቶ ይመጣል? ላፍቶ እህል የለም እንዴ?"

ቤቷ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው፤ አንድ ክፍልና የተነጠፈ ግቢ። በማግሥቱ ጠዋት ማለስለሻውን አሳየችኝ። ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ የብረት ሲሊንደር ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ በየቦታው ተልጧል። ከላይ የውሃ መግቢያ፣ ከታች መውጫ አለው። ክዳኑን ስትፈታው ውስጡ የሰናፍጭ ፍሬ በሚያካክሉ ቡናማ ፍሬዎች ተሞልቷል። ዘግኜ አየሁት። እርጥብና ለስላሳ ነው፤ በእጄ ውስጥ እንደ ዓሣ እንቁላል ተንሸራተተ።

"አየሽ" አለችኝ፣ "ውሃው ከላይ ገብቶ በዚህ ፍሬ መካከል ሲወርድ፣ ፍሬው ኖራውን ይዞ ያስቀረዋል። ከታች የሚወጣው እንደ ዝናብ ውሃ ነው። ግን ሆድ አለው፤ ይጠግባል። ሲጠግብ ኖራውን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ያኔ ጨው በውሃ አሟሙተሽ ታጠጪዋለሽ። ጨውን ሲያገኝ ኖራውን ይተፋዋል። የተፋውን ወደ ውጪ ታፈሺውና፣ ጨው ጨው ማለቱን እስኪተው በንጹሕ ውሃ ታጥቢዋለሽ። በቃ። እንደ ሕፃን ነው፤ ማብላት፣ ማስገሳት፣ ማጠብ።"

"ስንት ጊዜ?"

"ሳሙናው ይነግርሻል። አረፋ ሲያንስ ርቦታል ማለት ነው። ደግሞ አታጣድፊው። ውሃው ቀስ ብሎ ካልወረደ ፍሬው አይዝም። እኔ ስንት ጊዜ ተጣድፌ የሰው አንሶላ አበላሽቻለሁ!"

ሦስት ቀን ከእሷ ጋር አጠብኩ። በማለስለሻው ውሃ ሳሙናው እስከ ክርናችን አረፋ ሆነ። እያጠብን ስለ እናታችን አወራን፣ ስለ ልጅነታችን፣ ስለ ሞቱትም። እትዬ ብርቄ እየዘፈነች ታጥባለች፤ እኔ መዝሙር እላለሁ፤ ሲገጣጠምብን እንስቃለን። እነዚያ ሦስት ቀናት የተሰጡኝ ስጦታ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እንደዚያ አብረን አልዋልንም።

በመጨረሻው ማታ ነገሩ ከበደኝና ጠየቅኳት።

"እትዬ፣ ይሄን ስወስደው አንቺ በምን ልትሠሪ ነው?"

ጣቶቿን ዘረጋችልኝ። መገጣጠሚያዎቹ አብጠው ተጣምመዋል።

"እጄ አብቅቷል፤ ደንበኞቼንም አሰናብቻለሁ። እሱ ግን ገና ይሠራል። ቆሞ ከሚደርቅ ለጽጌ ይሥራላት። ደግሞ እንዳታለቅሺ፤ ሙቀት ላይ ልቅሶ ራስ ያማል።"

አላለቀስኩም። እግሯን ግን አጥቤ ተኛሁ።

መልስ ጉዞ

ሲሊንደሩን ባዶ አድርገን በጆንያ ጠቀለልነው። ፍሬውን እርጥቡን በዱቄት ከረጢት ሞልተን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው። "ከደረቀ ይሰነጠቃል" አለችኝ። "ውሃሽን ከመጠጣትሽ በፊት ለእሱ አጠጪው።" ስለዚህ በዚያ በረሃ ሁሉ ኮዳዬን እየከፈትኩ ከረጢቱን አርስ ነበር። ሰው ያየኝና ፊቱን ያዞራል።

ከፊት ለፊቴ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ፊቷ ቀጭን ነው፤ ሰውነቷ ግን ሁለት ሰው ያህላል። በዚያ ሙቀት ስንት ቀሚስ ደርባ እንደለበሰች ፈጣሪ ያውቃል። ስትንቀሳቀስ አዲስ ጨርቅ ይንኮሻኮሻል። ከድሬዳዋ የሚመጣ ኮንትሮባንድ እንዲህ ነበር የሚጓዘው።

"እህቴ፣ ከረጢቱ ውስጥ ሕፃን ነው እንዴ?" አለችኝ። "ውሃ ታጠጪዋለሽ።"

"የውሃ ማለስለሻ ነው።"

"እ?"

ኮዳዬን ከፍቼ ከረጢቱን ደግሜ አራስኩ።

አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆመ። ፊናንሶች፣ ማለትም ኮንትሮባንድ ፈታሾች፣ ገቡ። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል። ከረጢቴን ፈታ፣ ዘገነ፣ አሸተተ።

"እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው? ዘር ነው? ማዳበሪያ?"

"ውሃ የሚያለሰልስ ነው፣ ልጄ።"

"ውሃ ከዚህ በላይ ምን ይለሰልሳል?"

ሠረገላው ሁሉ ሳቀ። "ለድንጋይም ማለስለሻ ካለሽ ለአማቴ እፈልጋለሁ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ፈታሹ አልሳቀም። ምንነቱ የማይታወቅ ነገር ማሳለፍ እንደማይችል፣ ይወረስ ወይስ ይለፍ የሚለውን አለቃው መጥቶ እስኪወስን እዚያው እንደሚቆይ ነገረኝ። አለቃው መቼ ይመጣል አልኩት። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ አለ። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ሥራው ነው። ነገር ግን በዚያ ፀሐይ ፍሬው በአንድ ቀን ይደርቃል። የጽጌ እጅ በዐይኔ መጣ።

"ልጄ፣ አሳይሃለሁ" አልኩት። "ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ አምጣልኝ፤ ሳሙና አለኝ።"

ከባቡሩ ወረድን። የሻይ ነጋዴዋ ሴት ሁለት ብርጭቆ ከጣቢያው ውሃ ሞልታ ሰጠችኝ። ሰዉ በመስኮት ተንጠልጥሎ ያያል። ከሳሙናዬ ፍቄ በአንዱ ጨመርኩና መታሁት። ውሃው ተቋጠረ፤ አረፋ የለም። "ይሄ የእናንተ ውሃ ነው" አልኩ። ከዚያ በነጠላዬ ጫፍ ፍሬ ቋጥሬ፣ የሁለተኛውን ብርጭቆ ውሃ በላዩ አፍስሼ አጠለልኩት። ሳሙና ጨመርኩ። መታሁት።

ያው ተቋጠረ።

አንዱ አፏጨ። ፈታሹ ከረጢቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። "አንዲት ጊዜ፣ ስለ እመብርሃን" አልኩት። አባታችን ሆይ ማለት ጀመርኩና፣ "ስጠን ዛሬ" ላይ ስደርስ የእህቴ ድምፅ መጣልኝ፦ አታጣድፊው። ለካ ውሃውን ፍሬው ላይ በአንዴ ደፍቼበት ነው።

ሌላ ብርጭቆ ውሃ ለመንኩ። አሁን ፍሬውን ራሱን ብርጭቆው ውስጥ ጨመርኩት። በማንኪያ ቀስ እያልኩ አማሰልኩ። ባቡሩ ጮኸ። "ሂጂ፣ ይጥልሻል!" አሉኝ። አልሄድኩም፤ ጸሎቴን ሳልቸኩል ጨረስኩ። ከዚያ አጠለልኩት፣ ሳሙና ጨመርኩ፣ መታሁ።

አረፋው ከብርጭቆው ወጥቶ በእጄ ላይ ፈሰሰ።

የሻይ ነጋዴዋ እልል አለች። ፈታሹ አረፋውን በጣቱ ነካው፤ ፊቱን እየዳበሰ፣ "እኔ እኮ ሳሙናው ነው የተበላሸው እል ነበር" አለ። ከረጢቱን ራሱ ቋጥሮ፣ ራሱ ተሸክሞ ባቡሩ ላይ አወጣልኝ። በዚህ ሁሉ ግርግር ያቺን ሴት የፈተሻት አልነበረም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ ሳቀች።

"አንቺን የላከሽ ማርያም ናት! በሳሙናሽ እኔንም ነጻ አወጣሽኝ!"

"የኔ እህት፣ እመቤታችንን ለዚህ አትጥሪያት" አልኳት። ግን እኔም ሳቅሁ። ናዝሬት ስንደርስ ብርቱካን ገዝታ ሰጠችኝ፤ ልመልስ ብል እንቢ አለች። ጽጌ የበላችው ብርቱካን የኮንትሮባንድ ነው ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ላፍቶ

ተሰማ ለገሃር መጥቶ ተቀበለኝ። በማግሥቱ ከሥራ መልስ ተከላውን ጀመርን። በርሜሉን በድንጋይ ካብ ላይ ከፍ አደረግነው፤ የጉድጓዱ ውሃ እዚያ ይገባል። ከበርሜሉ ሥር በጎማ ወደ ሲሊንደሩ ወሰድነው፤ ከሲሊንደሩ መውጫ ላይ ቧንቧ ገጠምንበት። ተሰማ የመኪና ሰው ስለሆነ መፍቻ በእጁ ነው፤ ምክር ግን አይወድም። መውጫው ላይ ፍሬውን የሚያግደውን ወንፊት ረስቶት ስለነበር ቧንቧውን ሲከፍተው ፍሬው ከውሃው ጋር ባልዲ ውስጥ ተንዠቀዠቀ።

"ቀስ በል ብዬህ ነበር።"

"እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ግሪክ አይደለሁም!"

ቤተሰቡ ሁሉ በዘንቢልና በማንኪያ ፍሬ ሲለቅም አመሸ። ጽጌ በጓንት ነበር የምትለቅመው፤ ከአሮጌ ካልሲ የሰፋሁላት ጓንት።

በቤት የነበረውን ጨው ሁሉ አሟሙተን አጠጣነው፤ አጠብነው። ከዚያ ውሃው ቀስ ብሎ፣ እንደ ክር፣ መውረድ ጀመረ። ጽጌን በዚያ ውሃ አጠብኳት። ፀጉሯ ላይ አረፋ ሲቆም ጊዜ እሷም ገረማት። ሳምንት ሳይሞላ ማከኳን ተወች። ከጣቶቿ መካከል ያለው ስንጥቅ ከዳር ወደ መሐል እየገጠመ መጣ። ሽምብራው በሰለ። ተመስገን ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ግን ጨው አለቀ። ኅብረት ሱቅ ጨው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም ለወጥ የሚበቃ ያህል ነው የሚሰጠው። ሳሙናው እንደገና መቋጠር ጀመረ። ፍሬው ጠግቧል። የጽጌ ጣቶች እንደገና ቀሉ። በሌሊት ስታክ ስሰማት ድሬዳዋ ድረስ የሄድኩበት ሁሉ ከንቱ መሰለኝ። አፍሬ ከየጎረቤቱ አንድ አንድ ስኒ ጨው ለመንኩ። የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቷም፣ የስልጤዋ ነጋዴም፣ የጽዋ ማኅበርተኞቼም ሰጡኝ። ለአንድ ጊዜ በቃ። ለሚቀጥለው ግን ከየት?

ያን ቀን ጨዋማውን ውሃ ሳፈስ በአጥሩ ሥር ወጥቶ ወደ ማሳው በሚወስደው ቦይ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ አጥሩ ተንቋቋ። አንዲት ቀይ ላም እሾሁን በደረቷ ጥሳ ገብታ ቦዩን ትልሳለች። ከኋላዋ ጎረቤታችን አባ ገመቹ ዱላቸውን ይዘው ደረሱ። ላፍቶ ከተማ ሳይሆን ጀምሮ እዚያ ያረሱ ሽማግሌ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ላሜን ምን አብልተሻት ነው? ብመታት አትመለስ፣ ብጠራት አትሰማ!"

"እኔ ምንም አላበላኋትም፣ አባ ገመቹ። ያፈሰስኩት እጣቢ ነው። አጥሩን እናስጠግናለን።"

ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነክረው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

"እጣቢ ትያለሽ? ይሄ ሆራ ነው! እኛ ከብት ይዘን የጨው ምንጭ ፍለጋ ስንት መንገድ እንሄዳለን፤ አንቺ ከጓሮሽ ታፈሺዋለሽ?"

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። የልጄን እጅ፣ ድሬዳዋን፣ ፍሬውን፣ የጨውን ነገር። ፍሬው ከውሃ የያዘውን ኖራ ጨው ሲያገኝ እንደሚተፋው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከብትም ያንኑ ነው የሚፈልገው አሉኝ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱ።

"እኔ ከሰበታ ገበያ በአህያ ጨው አመጣለሁ፤ ለከብቶቼ። አሟሙቼ ገለባ ላይ እረጫለሁ። እንግዲህ ጨዉ መጀመሪያ በአንቺ ቤት ይለፍ። አንቺ ስትጨርሺ በባልዲ ወደ እኔ ይምጣ። ጨው መንገድ ቢዞር ምን ይጎድልበታል?"

"አባ ገመቹ፣ ይሄን ውለታ በምን እከፍላለሁ?"

"አጥሩን አታስጠግኚ። በር አድርጊበት።"

አጥሩ ላይ በር ሠራን። ከዚያ በኋላ፣ እሳቸው እስካሉ ድረስ፣ ጨው አላጣንም። እሳቸው የሚያመጡት የአሞሌ ጨው አፈር ስላለበት አሟሙቼ በጨርቅ አጠለው ነበር። ከማለስለሻው የወጣውን በባልዲ በዚያች በር አሳልፋለሁ፤ እሳቸው ውሃ ያልነካው እርጎ በቅል ይልኩልኛል።

ጉዞ ምን አስተማረሽ ቢሉኝ፣ ሩቅ ሄጄ ያመጣሁት ነገር በቅርብ ካለው ሰው ጋር ካልተገናኘ ምንም እንዳልነበር ነው የምለው። እህቴ ከእጇ ሰጠችኝ፤ እርግጥ ነው። የማያውቀኝ ሙስሊም አዛውንት ቴምር ሰጠኝ፤ ፈታሹ ከረጢቴን ተሸከመልኝ። ከቤቴ በስተጀርባ የነበሩትን ሰው ግን እስከዚያ ድረስ በአጥር በላይ ሰላም ከማለት በቀር አላውቃቸውም ነበር። ለዚህም እግዚአብሔር ላም ላከልኝ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። ጽጌ እንደ ተለመደው ባልዲውን በበሩ አሳልፋ ስታኖር ቀይዋ ላም ከባልዲው ፊት መዳፏን ላሰች። የላም ምላስ ሸካራ ነው፤ እንደ ሞረድ ነው፤ የተሰነጠቀ እጅ ያደማል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ጽጌ ግን እጇን አልሰበሰበችም። ሁለተኛውንም እጇን ዘረጋችላት፤ "እማዬ፣ ይኮረኩራል!" ብላ ሳቀች።